የጋራዡ ማዕድ

«እኔ ጋ ይሁን!»

ይህን ያለችው ሹፌሯ ናት። ያስገደዳት የለ፣ የለመናት የለ። ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ግን ምሳ ላይ የተቀመጠው ቤተሰብ በሙሉ ሹካውን እንደያዘ ቀረ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የፍቅረኛዋ እናት ጡረታ የወጡ ዳኛ ናቸው፤ በሌሉበት ልጆቻቸው ሳይቀሩ «ዳኛዋ» ነው የሚሏቸው። የዓመት በዓል እራት የሚበላው ሁልጊዜ በእሳቸው ቤት፣ በእሳቸው እጅ ተሠርቶ ነው። አጎት የለ፣ አክስት የለ፣ የልጅ ልጅ የለ፣ ዘመድ የተባለ ሁሉ በዚያች ማታ እዚያ ይሰበሰባል። ዘንድሮ ግን ዳኛዋ መታጠቢያ ቤት አዳልጧቸው ወደቁና እግራቸው በጄሶ ታሰረ። «ታዲያ እራቱ የት ይሁን?» ተባለ። የባንክ ሥራ አስኪያጅ የሆነችው ታላቅ ልጃቸው ቤቷ እየታደሰ መሆኑን ተናገረች። ጠበቃው ወንድ ልጃቸው ሚስቱን ከፈታ ወዲህ ቤቱ ውስጥ ከሻይ ማፍያ በቀር ዕቃ እንደሌለው አስረዳ። የመጨረሻው ልጅ፣ መሐንዲሱ፣ ቤት ውስጥ ጠብ ሲሸተው እንደሚያደርገው ሁሉ ሳህኑን ያይ ነበር።

ሹፌሯ የወደደችው ይኸንን የመጨረሻውን ልጅ ነው። «እኔ ጋ ይሁን» ያለችውም ያኔ ነው።

«የት አንቺ ጋ?» አሉ ዳኛዋ፣ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው።

«እኔ የምኖረው ሁለት ክፍል ውስጥ ነው እትዬ፤ ከሥሩ ግን የአባቴ ጋራዥ አለ። መኪኖቹን ብናወጣቸው ይህ ሁሉ ሰው ይበቃዋል።»

«ጋራዥ አልሽ?»

«አዎ፣ ጋራዥ።»

ዳኛዋ ለጥቂት ጊዜ አዩአት። «መዝገቡ ላይ ይስፈር» አሉና ወደ ምሳቸው ተመለሱ። ሹፌሯም ወደ ምሳዋ ተመለሰች፤ ግን የምትውጠው ምን እንደሆነ አልታወቃትም። ደስታ ይሁን ድንጋጤ ራሷም አልለየችውም፤ ብቻ አልቆጫትም።

እሷ የከተማ አውቶቡስ ነጂ ናት። ከመሐንዲሱ ጋር የተገናኙት መኪናው ተበላሽታበት በዝናብ ቀን አውቶቡሷ ላይ የተሳፈረ ጊዜ ነው። የፊተኛው ወንበር ላይ ተቀመጠና መውረጃው አለፈው፤ የሚቀጥለውም አለፈው። ከራሷ በላይ ባለው መስተዋት ብታይ ዓይኑ እሷ ላይ ነው። እንዳየችው ሲያውቅ ወደ መስኮቱ ዞረ፤ መስኮቱ ግን በጉም ተሸፍኖ የሚታይ ነገር አልነበረውም። በማግስቱ ፀሐይ ወጥቶ እሱ አሁንም እዚያው ወንበር ላይ ተቀምጧል።

«መኪናህ አልተሠራችም?» አለችው።

«ተሠርታለች።»

«ታዲያ?»

«አውቶቡሱ ተመቸኝ።»

ከዚያ ወዲህ ብዙ ጊዜ አለፈ። ሰው የዳኛ ቤትና የመካኒክ ቤት ምንና ምን ናቸው ቢልም፣ እሷ አንድም ቀን አንገቷን ደፍታ በዚያ ቤት ደጃፍ አልገባችም። የምታውቀው አንድ ነገር ነው፤ ይህ ሰው ሲያያት ዓለም ይሰፋላታል።

ለበዓሉ ዝግጅት አባትና ልጅ ጋራዡን ገለበጡት። አባቷ ዕድሜውን በሙሉ ከመኪና ሥር ተጋድሞ የኖረ መካኒክ ነው፤ ወለሉን በሰጋቱራና በፈላ ውሃ ሲያሹት ከሥሩ ማንም አይቶት የማያውቅ ግራጫ ሲሚንቶ ብቅ አለ። «ለካ ወለል ነበረን!» ብሎ ሳቀ። ግድግዳውን ኖራ ቀቡት። ጎማዎቹን ከኋላ ከመሩ። አሮጌ የእንጨት በሮችን በርሜል ላይ አጋድመው ከዳር እስከ ዳር የሚደርስ ጠረጴዛ ሠሩ፤ እሷም ነጭ ጨርቅ ገዝታ በራሷ እጅ ገጣጥማ ሰፋችለት። መሐንዲሱ መጀመሪያ ሰሞን ከሥራ እየወጣ ይመጣ፣ ሸሚዙን ሰብስቦ ያግዝ፣ አምፖሎቹን በምን በኩል እንደሚሰቅሉ ይመትር ነበር።

አንድ ቀን ታላቅ እህቱ መጣች። ባለ ተረከዝ ጫማዋን አድርጋ በሩ ላይ ቆመችና ወለሉን አየችው፤ ጫማዋን የሚነክስ ይመስል። «በጣም… ሰፊ ነው» ብላ ሄደች። ሹፌሯ ሳቀች። መሐንዲሱ አልሳቀም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራ በዛበት። ሲደውል ድምፁ አጭር ሆነ፣ ሲመጣ ዓይኑ ሸሸ። እሷም «የበዓል ሰሞን ድካም ነው» ብላ ለራሷ ነገረችው፤ ለራሷ ስትነግረው ግን ደረቷ ላይ አንድ ቀዝቃዛ ነገር ተቀመጠ።

የበዓሉ ዋዜማ ከሰዓት በኋላ ድንች እየላጠች ሳለ ስልኳ ጮኸ። ዳኛዋ ናቸው።

«እንደምን ዋልሽ? አላስቸግርሽም፤ አንድ ነገር ልጠይቅሽ ብዬ ነው። የሆቴሉ አዳራሽ አሳንሰር አለው? በዚህ እግሬ ደረጃ አልወጣም።»

«የምን ሆቴል እትዬ?»

ዳኛዋ ስንቱን ምስክር ሲያዳምጡ የኖሩ ሴት ናቸው፤ በአንድ ጥያቄ ውስጥ ያለውን ሁሉ ሰሙ።

«አልነገረሽም ማለት ነው» አሉ ቀስ ብለው። «እራቱ ወደ ሆቴል ተዛውሯል ብሎ ለሁላችንም ደውሏል። ከአንቺ ጋር የመከረ መስሎኝ።»

«አልመከረም።»

«ገባኝ። በይ ደህና ዋዪ» ብለው ዘጉት።

ቢላውን አስቀመጠች። አላለቀሰችም። የተላጠው ድንች በውሃ ውስጥ ነጭ ሆኖ ያበራል፤ እሷም ያንን እያየች ቆመች፤ ውስጧ እንደዚያ ባዶና ንጹሕ ሆነባት።

መሐንዲሱ ደውላ ከጠራችው ብዙም ሳይቆይ ደረሰ። በሩ ላይ ሲቆም ፊቱን አይታ ማስተባበያ እንደሌለው አወቀች። አባቷ ነገሩ ሸተተውና «ዘይት ልገዛ» ብሎ ወጣ፤ በቤቱ ግን ከዘይት የበዛ ነገር አልነበረም።

«ለምን?» አለችው።

«ልነግርሽ ነበር።»

«ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! መቼ ነው የምትነግረኝ? ድስቱን ካወረድኩ በኋላ?»

«ልጠብቅሽ ብዬ ነው።» ድምፁ ተሰበረ። «አታውቂያቸውም። የወንድሜ ሚስት የነበረችው አስተማሪ ናት፣ ጨዋ ልጅ። አንድ በዓል እራት ላይ አነጋገሯን እየደገሙ ሳቁባት። ጠረጴዛው በሙሉ ሳቀ። ካፖርቷን አንስታ ወጣች፤ ትዳሩም ያን ቀን አለቀ። እኔ አጠገቧ ነበርኩ። ዝም አልኩ። እህቴ እዚህ መጥታ ወለሉን ስታይ ያ ማታ ትዝ አለኝና…»

«እና አፈርክብኝ።»

«እኔ? ባንቺ?»

«ሰው የሚደብቀው የሚያፍርበትን ነው።»

«እንዲህ አትበዪ!»

«ስማኝ።» እጇን በሽርጧ አደረቀች፤ ድምፅዋ ከፍ አላለም። «እኔ በየቀኑ ሙሉ አውቶቡስ ሰው ይዤ ነው የምውለው። የሚሰድበኝ አለ፣ የሚመርቀኝ አለ፣ ሴት እየነዳች አልሳፈርም ብሎ የሚወርድም አለ። ሁሉንም አድርሼ እመለሳለሁ። እናትህ ምን ይላሉ፣ እህትህ ምን ትላለች ብዬ አልሰጋሁም። የሰጋሁት ለአንድ ነገር ነው፤ እነሱ ሲናገሩኝ አንተ የት ትሆን ይሆን ብዬ። ዛሬ መልሱን አገኘሁ።»

አፉን ከፈተ፤ ቃል አልወጣም።

«ሆቴሉን እሰርዘዋለሁ» አለ በመጨረሻ።

«እሱን እንደፈለግክ። የእኔ ጠረጴዛ ነገ አመሻሹ ላይ ይዘረጋል። የመጣ ይበላል። ማንም ካልመጣ እኔና አባቴ ጥብስ እየበላን እንከርማለን። አሁን ሂድልኝ፤ ድንቹ ይጠቁርብኛል።»

ሄደ። ድንቹን ላጠች። ልጣው ረጅምና ቀጭን ሆኖ እየወረደ፣ ዓይኗ ግን በእንባ ተሞልቶ የምትልጠው ድንች ይሁን ጣቷ አልለይ አላት። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም፤ ያን ቀን ከሰዓት የሹፌሯ እንባ አልገደደም።

አባቷ ሲመለስ ምንም አልጠየቀም። ጎኗ ተቀመጠና ቢላ አነሳ።

«ልደውልላቸው? ለዘመዶቹ?»

«አይደወልም አባዬ። የጠራሁትን ሰው ሁለት ጊዜ አልለምንም።»

«ልጄ፣ መኪና እንኳ ሲበላሽ አንዴ ተከፍቶ ይታያል እንጂ ወዲያው አይጣልም።»

«መኪና አይዋሽም።»

አባቷ አሰበበት። «አንዳንዱ ይዋሻል» አለ፤ እሷም ሳትፈልግ ሳቀች፤ ሳቁ ከእንባው ጋር ተደባልቆ ጉሮሮዋን አሞቀው።

የበዓሉ ቀን ከጠዋት ጀምሮ እጅጌዋን ሰብስባ ሠራች። በጉ ምድጃ ውስጥ ገባ፤ ሾርባው ተጣደ፤ ሩዙ፣ ድንቹ፣ ሰላጣው ተራ በተራ ደረሱ። ለዚህ ሁሉ ሰው ስታበስል የመጀመሪያዋ ነው። ይቀር ይሆናል ላለችው ሰውም ሳህን አቀረበች። አባቷ «ሁሉንም እንደርድር?» ሲላት «ሁሉንም» አለችው። ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ ሰማያዊ ቀሚሷን ለብሳ የጋራዡን ትልቅ በር ወለል አድርጋ ከፈተችው። አምፖሎቹ በሩ፣ ነጩ ጨርቅ አበራ፣ ብርጭቆዎቹ አበሩ። መንገዱ ላይ ግን ሰው የለም።

የቀጠሮው ሰዓት ደረሰ። አለፈ።

አባቷ ክራቫቱን ያጠብቃል፣ ያላላል። እሷ በሩ ላይ እንደቆመች ናት። ከፊት ለፊት ፌርማታው ላይ አንድ አውቶቡስ መጥቶ ቆመ። የሥራ ባልደረባዋ ነው የሚነዳው፤ ለሰላምታ ጥሩምባ ነፋላት። በሩ ተከፈተ። መጀመሪያ አንድ ክራንች ወረደ፤ ቀጥሎ በጄሶ የታሰረ እግር፤ ቀጥሎ ግራጫ ካፖርት የለበሱት ዳኛዋ።

ሮጣ ተሻገረች።

«እትዬ! ብቻዎን? በአውቶቡስ?»

«ልጆቼ መኪና እንላክ አሉኝ፤ ሆቴል ሊወስዱኝ። አልፈልግም አልኩ።» አተነፋፈሳቸውን አስተካከሉ። «እኔ የተጠራሁት ጋራዥ ነው። ተጠርቼ የቀረሁበት ችሎት የለም።»

በክንዷ ደግፋ አሻገረቻቸው። አባቷ ከወንበር ወንበር ሲያማርጥ ቆይቶ በጣም ጠንካራውን አቀረበላቸው። ዳኛዋ ተቀምጠው ዙሪያውን አዩ፤ ኖራ የተቀባውን ግድግዳ፣ ጥግ ላይ የተከመረውን ጎማ፣ ባዶውን ረጅም ጠረጴዛ።

«አንድ ነገር ልንገርሽ» አሉ። «መጀመሪያ ያልወደድኩት ሥራሽን ነው፤ አልዋሽሽም። ልጄ ከሹፌር ጋር ነው ሲባል እንቅልፍ አጣሁ። በኋላ ግን እንቅልፍ የነሳኝ ሌላ ነገር ሆነ። ይህ ልጅ ደግ ነው፤ ግን ሰው ፊት መቆም አይችልም። ከሕፃንነቱ ሰው ሲጣላ ክፍሉን ለቆ ይወጣል። ይህቺ ልጅ አንድ ቀን ብቻዋን ቆማ ትቀራለች፣ ያኔ ትጠላዋለች፣ እሱም ይሞታል ብዬ ፈራሁ። ትናንት ስልክ ላይ ‹የምን ሆቴል› ስትዪኝ ያ ቀን መጣ አልኩ።»

«ምን ላድርግ ታዲያ?»

«እኔ ጡረታ ላይ ነኝ፤ አልፈርድም። ሾርባ ካለ ግን እቀምሳለሁ።»

ቀዳችላቸው። ቀመሱ፤ ዓይናቸውን ጨፍነው አሰቡ።

«ጨው ያንሰዋል።»

«ጨው ፊትዎ አለ እትዬ።»

የዳኛዋ የከንፈር ጥግ ትንሽ ተነቃነቀ። ጨው ጨመሩና ሳህኑን ጨረሱት። ሹፌሯ ያን ባዶ ሳህን ስታነሳ፣ ከተማው በሙሉ ቢቀርባት እንኳ ይህ እራት ከንቱ እንዳልሆነ ተሰማት።

ወዲያው አንድ ታክሲ በሩ ላይ ቆመ። የወረዱት የዳኛዋ ታላቅ ወንድም ናቸው፤ ጆሯቸው ስለማይሰማ ሰውም የማይሰማ ይመስል እየጮሁ የሚያወሩ ሽማግሌ።

«አይ ጉድ!» አሉ ገና ከደጅ። «ልጁ ሆቴሉ በር ላይ ተገትሯል! ሙሉ ልብስ ለብሶ! ‹አጎቴ፣ እራቱ እዚህ አይደለም፣ ዋሽቻችኋለሁ› አለኝ። ‹ታዲያ የት ነው?› አልኩት። ‹እጮኛዬ ጋ ነው። ያዛወርኩት ፈሪ ስለሆንኩ ነው› አለኝ። ‹ምን?› አልኩት። ‹ፈሪ ስለሆንኩ ነው!› ብሎ ጮኸ። እዚያ ቆሞ የነበረው ሰው ሁሉ ሰማው!»

ሹፌሯ የወንበር መደገፊያ ያዘች። «እጮኛዬ አለ?»

«ምን?»

«እጮኛዬ አለ ወይ?» አለች ድምፅዋን ከፍ አድርጋ።

«አለ እንጂ! ታዲያ ምን ይበል?»

ይህን ቃል ከእሱ አፍ ሰምታው አታውቅም። አሁንም የሰማችው ከሽማግሌ አፍ፣ በጩኸት ነው፤ ቢሆንም ቃሉ ገብቶ ከልቧ ጥግ ተቀመጠ፤ እንዲወጣም አልፈለገችም።

ቀጥሎ ጠበቃው መጣ። ካፖርቱን ሳያወልቅ አጠገቧ ቆመና ዝቅ ባለ ድምፅ ተናገረ። «ወንድሜ ዕድሜውን ሙሉ ክፉ ቃል ተናግሮኝ አያውቅም። ዛሬ ግን፣ ‹ሚስትህ ሲሳቅባት እኔ ዝም አልኩ፣ አንተም ዝም አልክ፣ እኔ ግን አልደግመውም› አለኝ። ሥራዬ መልስ መስጠት ነው፤ መልስ አጣሁለት።» ዓይኑ ቀላ። «የት ልቀመጥ?»

«እናትዎ አጠገብ ጋሼ።»

ከዚያማ በሩ ሰው አላጣም። አክስቶች መጡ፣ የአክስት ልጆች መጡ፣ ሕፃናት መጥተው በጎማዎቹ ላይ መውጣት ጀመሩ። የመጣ ሁሉ ከሆቴሉ በር አንድ አንድ ቃል ይዞ መጣ። አንዷ «እንዲህ ዓይነት ሴት አላገኝም አለኝ» ትላለች፤ ሌላው «ይቅርታ የምጠይቀው እሷን ነው፣ እናንተ ግን ምስክር ሁኑልኝ አለኝ» ይላል። ሹፌሯ ሾርባ እየቀዳች ትሰማለች። ትናንት ቃል አጥቶ በቆመው ሰው ፋንታ ዛሬ የቤተሰቡ አፍ ሁሉ ይናገርላታል። በያንዳንዱ ቃል ደረቷ ላይ ያለው ቀዝቃዛ ነገር በጥቂት በጥቂቱ ይቀልጣል፤ እሷ ግን ፊቷን አላስነበበችም።

ታላቅ እህቱ ከባሏና ከልጆቿ ጋር ገባች። በሩ ላይ ቆመች፤ ዛሬ ወለሉን አላየችም፤ ሹፌሯን ነው ያየቻት።

«ወለሉን ያየሁበትን ዓይን ይዤ የምመጣ ከሆነ እቤቴ እንድገባ ነገረኝ» አለች። ልታወራ የፈለገችው ነገር እንደከበዳት ያስታውቃል። «የሆቴሉ ሐሳብ የእኔ እንደነበረስ ነግሮሻል?»

«አልነገረኝም።»

«እኔ ነኝ ያልኩት። ‹ለእሷም ይሻላታል› ብዬ። በእኔ ማሳበብ ይችል ነበር።»

«ይችል ነበር» አለች ሹፌሯ። ከዚያ ሹፌሯ የዳቦውን ቅርጫት አንስታ እጇ ላይ አስቀመጠችላት። «ያንን ጫፍ ያዳርሱልኝ እትዬ፤ እኔ በአንድ እጄ አልደርስም።» የባንክ ሥራ አስኪያጅዋ ቅርጫቱን ታቅፋ ስትሄድ፣ ጀርባዋ ከመጣችበት ጊዜ ቀለል ብሎ ታየ።

ወንበሩ ሞላ። አንዲት አክስትና እሱ ብቻ ቀሩ።

አክስቲቱ ሁልጊዜ የሚዘገዩ ናቸው፤ እሳቸውን ሳያገኝ ከሆቴሉ በር ንቅንቅ አልልም ብሎ ነው የዘገየው። ሲመጣ በክንዱ ደግፏቸው መጣ። እሳቸው ገቡ። እሱ የጋራዡ በር ላይ፣ የመብራቱ ብርሃን የሚያበቃበት ላይ ቆመ። ፀጉሩን ነፋስ በትኖታል፣ ድምፁ ጎርንኗል። ወሬው ሁሉ እየደከመ ሄዶ ቆመ።

ጭልፋውን እንደያዘች ወደ በሩ ሄደች።

«ሁሉም ነግሮኛል» አለችው። «አጎትህ ጮኸው፣ ወንድምህ አንሾካሸከው። ከአንተ አፍ ግን አልሰማሁትም።»

ዓይኑ ለአንድ አፍታ ወደ እናቱ ሸሸ። ዳኛዋ ሆን ብለው ወደ ብርጭቆአቸው ተመለከቱ። እሱም ዓይኑን መለሰና እሷን አያት፤ እንደዚያ ዝናባማ ቀን አይደለም፤ ወደ መስኮት የሚዞር ዓይን አልነበረም።

«አላፈርኩብሽም» አለ፤ ጠረጴዛው በሙሉ እንዲሰማ አድርጎ። «ይንቁሻል ብዬ አይደለም የፈራሁት። ሲንቁሽ ዝም እንደምል ስለማውቅ ነው። ራሴን ነው የፈራሁት፤ ፍርሃቴን ግን ባንቺ ላይ ጣልኩት። እኔ ልከላከልልሽ ሲገባ አንቺን ደበቅኩሽ። ዛሬ ለመጀመሪያው ሰው ስናገር ጉልበቴ ተንቀጠቀጠ። እየቆየ ቀለለኝ። አሁን ፊትሽ ስቆም ደግሞ ይኸው ይንቀጠቀጣል። ይቅር በዪኝ።»

«ነገስ?» አለች። «ነገ ይህ ሁሉ ሰው ሳይኖር፣ አንድ ሰው ብቻ አንድ ቃል ቢናገረኝስ?»

«ጀግና ነኝ ብዬ አልምልልሽም። ክፍሉን ለቅቄ ግን አልወጣም። ብንቀጠቀጥም እዚያው እቆማለሁ። ዝም ያልኩ ቀን በእነዚህ ሁሉ ፊት ጠይቂኝ።»

ልታለቅስ አልፈለገችም፤ እንባው ግን ፈቃድ አልጠየቃትም። ትናንት ከሰዓት ያለቀሰችው እንባ አቃጥሏት ነበር፤ የአሁኑ ጉንጯን እያረሰ ሲወርድ አሳረፋት። ይህ ሰው ያለ ሐሰት፣ ያለ ጉራ፣ ያለውን ብቻ ይዞ በሯ ላይ ቆሟል። ያለው ደግሞ ይበቃታል። ለራሷ እንደሚበቃት ስታውቅ፣ የሰው ፍርድ አላስፈለጋትም።

«ግባ» አለችው። «እጅህን ታጠብ። ጥብሱን የሚቆርጥ ሰው ስጠብቅ ነው የቆየሁት።»

ጠረጴዛው በአንዴ በጫጫታ ፈነዳ። ሳቁ፣ ጭብጨባው፣ «ምን አለች?» የሚለው የሽማግሌው ጩኸት ጣሪያው ላይ ደረሰ። አባቷ ፊቱን አዙሮ በክራቫቱ ጫፍ ዓይኑን ጠረገ። መሐንዲሱ ኮቱን አውልቆ፣ ሽርጥ አስሮ፣ በጉን ከምድጃ ሲያወጣው በአንድ ወገን አርሯል።

«ሰማችሁ!» አለች ሹፌሯ፣ ጭልፋዋን ከፍ አድርጋ። «ይህ በግ በሆቴሉ ምክንያት ተረስቶ በአንድ ጎኑ ከስሏል። ያረረ የሚወድ እጁን ያውጣ፤ የማይወድ ደግሞ ወደ ግራ ይዙር!»

የመጀመሪያውን እጅ ያወጡት ዳኛዋ ናቸው። እሳቸውን ተከትሎ ግማሹ ጠረጴዛ እጁን አወጣ፤ ይውደድ አይውደድ እግዜር ይወቀው። ተበላ። ተጠጣ። ጠበቃውና መካኒኩ ስለ አሮጌ መኪና ሞተር ክርክር ገጠሙ፤ ጠበቃው ተረታ፣ መረታቱም ደስ ያለው ይመስላል። የባንክ ሥራ አስኪያጅዋ ባለ ተረከዝ ጫማዋን አውልቃ ከወንበሩ ሥር አስቀምጣ፣ ሁለተኛ ሳህን ሩዝ ጠየቀች።

ሹፌሯ ባዶ ድስት ይዛ ወጣ አለችና ከደጅ ሆና ወደ ኋላ ዞረች። ከውጭ ሲታይ ጋራዡ በጨለማው መንገድ ላይ የበራ አንድ ትልቅ መስኮት ይመስላል፤ ውስጡ ሰው፣ ጫጫታ፣ እንፋሎት። ይህን ሁሉ የጠራችው እሷ ናት። አሸነፍኩ የሚል ስሜት ይመጣል ብላ ጠብቃ ነበር፤ የመጣው ግን ሌላ ነው፤ ሙቀት፣ ስፋት፣ ገና ብዙ ሰው የምትይዝ ልብ እንዳላት ማወቅ።

እሱ ተከትሏት ወጣ። ድስቱን ተቀበላት፤ በሌላው እጁ እጇን ያዘ። ከውስጥ ሁሉም ያያቸዋል፤ አልለቀቃትም።

«አትቀመጪም?»

«ትንሽ ልያቸው ብዬ ነው።»

አብረው አዩአቸው።

«ሠርጋችን የት ይሁን?» አላት፤ እንደቀላል ነገር፤ እጁ ግን በእጇ ውስጥ ይንቀጠቀጣል።

ሹፌሯ ቀና ብላ አየችው። ጣቶቿን በጣቶቹ መሃል አስገብታ ጠበቅ አደረገቻቸው፤ መንቀጥቀጡ እስኪያቆም።

«የፈለግከው ቦታ ይሁን» አለችው። «ብቻ አስቀድመህ ንገረኝ።»

ሳቁ ከሁለቱም እኩል ወጣ። ከውስጥ «ምን ያስቃችኋል?» የሚል ድምፅ ተጣራ። ትከሻዋ ላይ ግንባሩን አሳረፈ፤ እሷም የዚያን ግንባር ክብደት ተቀብላ ቆመች፤ ሕይወቷን በሙሉ ብትሸከመው የማይከብዳት፣ ደስ የሚል ክብደት።